ከእርሳስ ወደ መዳብ፦ የአዳኞች አረር ታሪክ

ያገለገለ ቀለህን በአዲስ ባሩድና አረር መልሶ መሙላት በአሜሪካ አዳኞች ዘንድ ሥር የሰደደው እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ነው። በምዕራቡ ሜዳ ጎሽ የሚያድኑት ሰዎች ከሱቅ ርቀው ወራት ያሳልፋሉ፤ ስለዚህ የተተኮሰ ቀለህ አይጥሉም ነበር። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ እሳትና ቅርጽ ማውጫ ያለው ሁሉ አረሩን ራሱ ያፈስ ነበር። እርሳስ ለዘመናት ተወዳዳሪ ያጣው በክብደቱ ብቻ ሳይሆን በዚህ ገርነቱም ጭምር ነው።

በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪዬል ጭስ አልባ ባሩድ ሲሠራ የአረር ፍጥነት እጅግ ጨመረ። ለስላሳው እርሳስ ፍጥነቱን አልቻለም፤ በአፈሙዙ ውስጥ እየተላጠ ይቀራል። መፍትሔው እርሳሱን መዳብ ማልበስ ሲሆን፣ ስዊዘርላንዳዊው ኤድዋርድ ሩቢን ይህን ቀድሞ በ1882 ሠርቶት ነበር። ፈረንሳዮች ደግሞ በ1898 ለሌቤል ጠመንጃ ከመዳብና ዚንክ ቅይጥ ብቻ የተሠራ አረር አወጡ። እርሳስ የሌለው አረር እንግዲህ የቅርብ ጊዜ ፈጠራ አይደለም። ያ ግን የጦር ሜዳ አረር ነበር፤ አውሬውን ሲመታ ስለማይከፈት ለአደን አይመችም።

የአዳኞች ችግር ሌላ ነበር። መዳብ የለበሰው እርሳስ በቅርብ ርቀት ሲመታ ይበታተንና ክብደቱን ያጣል። የባርንስ ኩባንያ ባለቤት ራንዲ ብሩክስ በ1985 አላስካ ውስጥ ድብ ሲያድን፣ እርሳሱን ጨርሶ የማስወገድ ሐሳብ መጣለት። በ1989 ለገበያ የቀረበው አረር ሙሉ በሙሉ መዳብ ነው፤ ጫፉ ክፍት ሆኖ ሲመታ በአራት ቅጠል ይዘረጋል፣ ክብደቱንም ይዞ ይዘልቃል። የመነሻው ዓላማ፣ በኋላ እንደመጣው፣ አእዋፍን ከእርሳስ መመረዝ ማዳን አልነበረም፤ በአንድ ተኩስ በንጽሕና መግደል ነበር።

አዲሱን አረር አስቀድመው የሞከሩት ጥይታቸውን በእጃቸው የሚሞሉ አዳኞች ናቸው። ሥራው ግን እንደ ድሮው አልሆነላቸውም። መዳብ የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ስለሆነ አረሩን ራስ ማፍሰስ ቀረ። በተጨማሪም ከእርሳስ ስለሚቀል፣ እኩል ክብደት ያለው የመዳብ አረር ይረዝማል፤ ወደ ቀለሁ ጠልቆ የባሩዱን ቦታ ይሻማል፣ ለመረጋጋትም ውስጡ ይበልጥ በተጠማዘዘ ቦይ የተቀረጸ አፈሙዝ ይፈልጋል። ጠንካራ በመሆኑ ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርግ ለእርሳስ የተዘጋጀው የባሩድ መጠን ሰንጠረዥ አያገለግለውም። ስለዚህ ብዙዎች ቀለል ያለ አረር መምረጥ ለመዱ። በ2003 የወጣው የባርንስ አረር ዓይነት በወገቡ ዙሪያ ቦዮች ተቆፍረውለት ሰበቃውን ቀነሰ።

ጉዳዩን ወደ ሕግ የወሰደው ኮንዶር የተባለው የካሊፎርኒያ ትልቅ ጥንብ አንሳ ነው። በ1982 በዓለም የቀሩት 22 ብቻ ነበሩ፤ በ1987 የመጨረሻው ከዱር ተይዞ በእንክብካቤ እንዲባዙ ተደረገ፣ ከ1992 ጀምሮም መለቀቅ ጀመሩ። የተለቀቁት ግን አዳኞች የተዉትን ሆድ ዕቃ እየበሉ በእርሳስ ይመረዙ ነበር። የተገደሉ አጋዘኖች በራጅ ሲታዩ ቁስሉን አልፎ የተረጨ ብናኝ እርሳስ ተገኘባቸው። አሪዞና በ2005 ከእርሳስ ነጻ ጥይት ለአዳኞች በነጻ ማደል ጀመረች፤ ያለ ማስገደድ አብዛኞቹን ማሳመኗ ሊመሰገን ይገባል። ካሊፎርኒያ በ2008 በኮንዶር ክልል፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ደግሞ በግዛቷ ሁሉ በእርሳስ ጥይት ማደንን ከለከለች። ዴንማርክም በ2024 እርሳስ ያለበትን የጠመንጃ ጥይት ከአደን አስወጣች።