ፊቷን የማናውቃት ንግሥት

ለንደን፣ ከፓርላማው አጠገብ፣ ዌስትሚኒስተር ድልድይ ጥግ ላይ አንድ ትልቅ የነሐስ ሐውልት ቆሟል። ሁለት ፈረሶች የፊት እግራቸውን አንሥተው ሠረገላ ይጎትታሉ። ሠረገላው ላይ ጦር የያዘች ሴት ቆማለች። መንገደኛው ሁሉ ከሥሯ ፎቶ ይነሣል። ሴትዮዋ ቦዲካ ትባላለች። የሚገርመው ምን መሰላችሁ? ሐውልቷ የቆመባትን ከተማ አቃጥላ ዐመድ ያደረገቻት እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦዲካ ዛሬ ኖርፎክ በሚባለው የምሥራቅ እንግሊዝ አካባቢ ይኖር የነበረ ኢኬኒ የሚባል የኬልት ሕዝብ ንግሥት ነበረች። ባሏ ፕራሱታገስ ሲሞት የሮማውን ንጉሠ ነገሥት ኔሮንን ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር ወራሽ አድርጎ ተናዘዘ፤ እንዲህ ካደረግሁ ቤቴን አይነኩብኝም ብሎ ነበር። ሮማውያን ግን አገሩን ዘረፉት፤ ቦዲካን ገረፏት፤ ልጆቿንም ደፈሯቸው። እ.ኤ.አ. በ60 ወይም በ61 ሕዝቧን አስነሥታ ዛሬ ኮልቼስተር፣ ለንደንና ሴንት ኦልባንስ የሚባሉትን ከተሞች አቃጠለች። በመጨረሻ ግን በገዢው በሱቶኒየስ ፓውሊነስ ጦር ተሸነፈች። ለንደን ውስጥ መሬቱ በጥልቀት ሲቆፈር የዚያ ቃጠሎ ቀይ ንጣፍ ዛሬም ይገኛል።

እሺ፣ መልኳስ? በዘመኗ የተሠራ አንድም ምስል የለም። የጻፉላትም ጠላቶቿ ናቸው። ሮማዊው ታሲተስ አማቱ አግሪኮላ በዐመፁ ጊዜ ብሪታንያ ውስጥ ወታደር ስለነበረ ለወሬው ቅርብ ነበር፤ ግርፋቱንና የልጆቿን መደፈር የነገረን እሱ ነው። ስለ መልኳ ግን ምንም አላለም። ረጅም፣ አስፈሪ፣ ዐይኗ የሚያቃጥል፣ ድምፅዋ ሻካራ፣ ፀጉሯ እስከ ዳሌዋ የሚወርድ፣ አንገቷ ላይ ትልቅ የወርቅ ጌጥ ያጠለቀች አድርጎ የሣላት ካሲየስ ዲዮ ነው። እሱ ደግሞ የጻፈው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለ ግርፋቱና ስለ መደፈሩ ትንፍሽ አላለም፤ ለእሱ የጦርነቱ መነሻ የገንዘብ ጉዳይ ነው። እስከ ዛሬ ሠዓሊዎች ረጅም ፀጉሯን እየደጋገሙ የሚሥሉት ከእሱ ቀድተው ነው።

ወደ ሐውልቱ እንመለስ። ቀራፂው ቶማስ ቶርኒክሮፍት ሥራውን የጀመረው በ1850ዎቹ፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ነው። የንግሥቲቱ ባል ልዑል አልበርት ለሞዴል የሚሆኑ ፈረሶች ሳይቀር አውሶታል። የቦዲካ ስም ትርጉሙ «ድል» ነው፤ ቪክቶሪያም እንደዚያው። መመሳሰሉ ለቤተ መንግሥቱ ጣፋጭ ነበር። ቶርኒክሮፍት በ1885 ሞተ፤ ሐውልቱ እዚያ ቦታ የቆመው በ1902 ነው። መንኮራኩሮቹ ላይ የሚታዩት ስለቶች ፈጠራ ናቸው፤ የብሪታንያ ሠረገላ እንዲህ ዓይነት ስለት እንደነበረው የሚያሳይ የአርኪዮሎጂ ማስረጃ የለም። የዘመኑ ሠረገላ ቀላል፣ ፈረሶቹም ትንንሾች ነበሩ። ከሥሩ የተቀረጸው የዊልያም ካውፐር ግጥም ደግሞ ዘሮቿ ቄሣር ያላወቃቸውን አገሮች እንደሚገዙ ይተነብያል። እንግዲህ አስቡት፤ አገሬን አትንኩ ብላ በአንድ ግዛተ መንግሥት ላይ የተነሣች ሴት፣ የሌላ ግዛተ መንግሥት ጌጥ ሆነች። የሰው አገር የያዙት ሰዎች የእሷን ቁጣ እንደራሳቸው ክብር ቆጠሩት።

ሐውልቱ ከቆመ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌሎች ሴቶች ወሰዷት። በ1908 ለምርጫ መብት ለንደን ውስጥ ሰልፍ የወጡ ሴቶች ከያዟቸው ባነሮች አንዱ ስሟን የተሸከመ ነበር። ያኔ ድምፅ መስጠት አይችሉም ነበር፤ ሴቶች ከወንዶች እኩል የመምረጥ መብት ያገኙት በ1928 ነው። መንግሥት ለራሱ ክብር ያቆማትን ሴት እነሱ መልሰው መንግሥትን መሞገቻ አደረጓት።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ብዙ ሰው የማያየው ነው። ዌልስ ውስጥ፣ ካርዲፍ ከተማ ማዘጋጃ ቤት፣ ጄምስ ሃቫርድ ቶማስ የሠራው የእምነ በረድ ሐውልት አለ፤ በ1916 ነው የተመረቀው። ሠረገላ የለም፤ ፈረስም የለም። አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን አቅፋ ቆማለች፤ በቃ። ዓመቱን ልብ በሉ፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት የተፋፋመበት ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት ጀግና ሲባል የሚጠበቀው ጦር የሚሰብቅ ነበር። ይህ ቀራፂ ግን ጦርነቱ ከየት እንደተነሣ አስታወሰ።

ለንደን ላይም ልጆቹ አሉ፤ ግን ጎንበስ ብለው ከእናታቸው ግራና ቀኝ ተሸጉጠዋል፤ የሰው ዐይን የሚያርፈው ፈረሶቹና ጦሩ ላይ ነው። ታሲተስ መደፈራቸውን ጻፈ፤ ስማቸውን ግን አልጻፈም። ዲዮም አልጻፈም። ከሽንፈቱ በኋላ ምን እንደደረሰባቸው የሚናገር አንድ መስመር እንኳ የለም። ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ ሰው ሲከራከር የኖረው ስለ እናቲቱ ፀጉር ቀለም ነው። ስለዚህ የቦዲካን ምስል ስታዩ፣ ሥዕልም ይሁን ፊልም፣ መጀመሪያ ልጆቹን ፈልጉ። የት እንዳስቀመጣቸው ስታዩ ሠሪው የማንን ታሪክ ሊነግራችሁ እንደፈለገ ይገባችኋል።