ታርጋ፣ ቦሎ፣ ሊብሬ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቆቦ አንዲት ያገለገለች ስፖርት ሞተር ልገዛ ሄጄ ነበር። ቀይ አፓቼ ናት። ይዤው የሄድኩት መካኒክ ወዳጄ ጎንበስ ብሎ አያት አያትና ጥፋቷን መቁጠር ጀመረ፦ «ካቴናው ላልቷል፣ የኋላ ኩሽኔታ ይጮሃል፣ ፍሪሲዮን እያለቀ ነው፣ ካንዴላ ይቀየር፣ ማርሚታው ተበይዷል፣ የፊት ቸርኬ ጎብጧል።» ሻጩ ልጅ እያንዳንዷን በመሐላ ሲያስተባብል እኔ በሐሳብ ሌላ ቦታ ሄድኩ። ይሄ ወዳጄ በዕድሜው ጣሊያን አይቶ አያውቅም። የጠራቸው ስሞች ግን በሙሉ የጣሊያን ናቸው።

ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። ማርሚታ ድስት ነው። ኩሽኔታ የምንለው ከትንሽ ትራስ የመጣ ስም ነው፣ ካቴና ሰንሰለት ነው፣ ከመነዳሪ «ካሜራ ዳሪያ» ነው፤ የአየር ክፍል እንደማለት። ጎማ ሲተነፍስ የምንሮጥበት ጎሚስታም ያው ነው። አስፋልቱን ለቀን ወደ ዞብል ስንታጠፍ የምንገባበት ፒስታም እንደዚሁ። ሰው ሞተሩን ከሕንድ ገዝቶ በጣሊያንኛ ያስጠግነዋል ማለት ነው፣ ያውም ራያ ላይ!

ይሄ ቋንቋ በዚህ መንገድ ነው የወረደው፣ ቃል በቃል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጦራችን ከተሸነፈ በኋላ ወራሪው ሚያዝያ 7 ደሴ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት ከአስመራ ተነስቶ በአምባላጌና በኮረም፣ በግራካሕሱ ጠመዝማዛ ወደ አላማጣ የሚወርደውን፣ በዋጃ፣ በቆቦ፣ በሮቢትና በጎብዬ አድርጎ ወደ ወልድያና ደሴ የሚዘልቀውን መንገድ ለመኪና አበጀው። ግራካሕሱን በሞተር የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ሆድ ይገለብጣል። ከታች ሜዳው ላይ ግን መንገዱ እንደ ገመድ ተወጥሮ ይሄዳል። የዛሬ ልጆች ስፖርት ሞተር የሚወዱት ለዚሁ ሜዳ ነው መሰለኝ።

ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. የአኦስታው መስፍን አምባላጌ ላይ እጁን ሲሰጥ ወታደሩ ሄደ፣ መንገዱና ብረቱ ቀረ። ከጣሊያኖቹም በየጋራዡ የቀሩ ነበሩ። ኤርትራውያን ሾፌሮችና መካኒኮችም ነበሩ። የኛ ሰው በረዳትነት ተቀጥሮ መፍቻ እያቀበለ ሙያውን ከነስሙ ተማረ። ስለዚህ እነዚህ ቃላት በጠመንጃ ገቡ ሲባል ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በጠመንጃ የመጣው መንገዱ ነው። ቃሉን ያስቀረው እንጀራ ነው።

ዋናው ነገር ግን ከብረቱ ስም ይልቅ የወረቀቱ ስም ነው። ታርጋ፣ ቦሎ፣ ሊብሬ። ታርጋ እዛም ያው ሰሌዳ ነው፣ ቦሎ ማኅተም ወይም ቴምብር፣ ሊብሬ ደግሞ ከ«ሊብሬቶ» የመጣ ነው፣ ትንሽ መጽሐፍ። ከነሱ በፊት አያቶቻችን በቅሎና ግመል ሲገዙ ወረቀት የለም። ጥርስ ይታያል፣ ኮቴ ይታያል፣ ከዚያ ሻጩ ዋስ ይጠራል። ዋሱ የሚታወቅ ሰው ነው፤ ነገ ባለቤት ነኝ ባይ ቢመጣ ገዢው የሚይዘው እሱን ነው። ሊብሬ ማለት የማይናገር ዋስ ነው። ዋሱ ሲሞት ልጁ አለ፤ ሊብሬው ሲጠፋ ግን ምን አለ?

እኔ ልጅ ሆኜ ቆቦ ውስጥ ሞተር ማለት ያማሃ ነበር፤ የግብርና ሠራተኛ ወይም የጤና ሰው የሚነዳው። ኤጂ የምንላት ስሟ እራሱ እርሻ ማለት ነው። ያማሃ ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ገበሬዎች ብሎ የሠራት ናት። ታርጋዋ ኮድ 4፣ ባለቤቷ መንግሥት። ግለሰብ እጅ የምትገባው በጨረታ ስትሸጥ ነው፣ ያኔም ካቴናዋ የሻይ ማንኪያ ሆኖ። ስፖርት ሞተር በኋላ ነው የመጣው። የሕንዱ ባጃጅ (አዎ፣ ባለ ሦስት እግሯን በስሙ የምንጠራት ድርጅት) ፐልሰርን አገሩ ላይ ያወጣው በ1994 ዓ.ም. ነው፣ ቲቪኤስ ደግሞ አፓቼን አስከተለ። ፈረንጅ እነዚህን ስፖርት ሲባሉ ቢሰማ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ። ሳልባትዮው ያበጠ፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ከፍ ያለ፣ ሲነሳ የሚያጓራ ከሆነ ለኛ ስፖርት ነው።

የኔዋም አፓቼ ነበረች፣ ጥቁር። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ የሌለው ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ስትከለክል አንድ ልጅ መቆሚያ አጥቶ በ65 ሺህ ብር ሸጠልኝ። ውል ተዋዋልን፣ ዕዳና እግድ እንደሌለባት አጣራሁ፣ ስም አዞርኩ። ሰው «ምን ያንከራትትሃል፣ በውክልና ንዳት» ሲለኝ ነበር። እኔ ሊብሬው ላይ ስሜን ሳላይ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ሁለት ዓመት ከጎብዬ እስከ ዋጃ ነግሼባታለሁ፤ አይዋሽም።

ሐምሌ 2013 ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ቤንዚን የለም። ጓሮ አስገባኋት፣ የማሽላ አገዳ ከመርኩባትና ወጣን። ታኅሣሥ 2014 ስመለስ አገዳው ተበትኗል፣ ቦታው ባዶ ነው። ማን ወሰዳት ለሚለው መልስ አልፈልግም፤ ከዚያ በላይ ያጣ ጎረቤት እያለኝ ስለ ሞተር ማልቀስ አፍሬ ዝም አልኩ። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ደግሞ እንደገና ተጀመረ፣ እንደገና ወጣን። በሁለቱም ስደት ሊብሬዋ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበረች። ዛሬም አለች። ሰማያዊ ፕላስቲክ ውስጥ፣ ስሜ፣ የሞተር ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር። ሞተር የሌላት ሊብሬ።

እና ባለፈው ሳምንት ወደ ቀይዋ ስመለስ፣ ዋጋ ተስማምተን መጨረሻ ላይ «ሊብሬውን አምጣው» አልኩት። ልጁ መሬት መሬት አየ። «አያ፣ ሊብሬው በጦርነቱ ጠፍቷል።»

ይሄን ዓረፍተ ነገር ከጥቅምት 23 ቀን 2015ቱ የሰላም ስምምነት ወዲህ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ክፋቱ እውነትም ሊሆን ይችላል። ቤት ከነወረቀቱ የተቃጠለበት ሰው አውቃለሁ። ውሸትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለይ ዋስ የለም።

መካኒኩ ምንም ሳይል ጨርቅ አወጣና ከመሪው አንገት ላይ አቧራውን ጠረገ። የሻንሲ ቁጥሩ አልተነካም፣ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። እኔም ሳላስበው የራሴን ሊብሬ አወጣሁ። ቀለም ይቀየራል አይደል? አንድ በአንድ አነበብኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

የኔ አይደለችም። የሌላ ሰው ናት።

ልጁ «አያ፣ እኔም ገዝቼ ነው፣ ሁለት በሬ ሸጬ» አለኝ። አመንኩት፣ አሁንም አምነዋለሁ። ቁጥሩን ስጽፍ አልከለከለኝም፤ ቆሞ አየኝ ብቻ።

ሳልገዛት ተመለስኩ። ወዳጆቼ፣ ቁጥሩ እኔ ጋ አለ፣ እዚህ ግን አልለጥፈውም። ከቆቦም ሆነ ከአካባቢዋ ወጥታ የቀረች ቀይ አፓቼ የነበረችው፣ ሊብሬዋ እጁ ላይ ያለ ሰው ካለ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች በውስጥ መስመር ይላክልኝ። ልጁንም እነግረዋለሁ ብዬዋለሁ፤ ሦስታችንም ሽማግሌ ይዘን እንቀመጣለን።