ከበሮ፦ በማኅሌት መካከል የሕማማት ምሳሌ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ በማኅሌት፣ ማለትም ካህናትና ደብተራዎች ቆመው በዜማና በሽብሸባ በሚያቀርቡት ምስጋና፣ ከመቋሚያና ከጸናጽል ጋር የሚያገለግል፣ ከተፈለፈለ ግንድ ተሠርቶ ሁለት አፎቹ በቆዳ የተወጠሩ ንዋየ ቅድሳት ነው። ሊቃውንት ሰፊውን አፍ የመለኮት፣ ጠባቡን የትስብእት፣ ይኸውም ሰው የመሆን፣ ምሳሌ አድርገው ሲያመሠጥሩ፣ በገላው ላይ ተጠላልፎ የሚወርደውን ጠፍር የክርስቶስ ግርፋት ሰንበር፣ የለበሰውን ጨርቅ ወታደሮች እየዘበቱበት ያለበሱት ከለሜዳ፣ ማንገቻውንም የታሰረበት ገመድ ይሉታል፤ እናም የበዓል ደስታ የሚመታው በሕማሙ ምልክት ላይ ነው። በዐቢይ ጾም ግን ከበሮውና ጸናጽሉ ዝም ብለው ዜማው በመቋሚያ ይመራል።