«ሦስት» ብለው አራት ጣት ያሳዩት አዛውንት

እ.ኤ.አ. በ1861 ፓሪስ አጠገብ ባለው የቢሴትር ሆስፒታል ሌሎንግ የሚባሉ የ84 ዓመት አዛውንት ነበሩ። የቀሯቸው ቃላት አምስት ብቻ ናቸው፦ «አዎ»፣ «አይ»፣ «ሦስት»፣ «ሁልጊዜ» እና ተቆርጦ የሚወጣ የራሳቸው ስም። ሐኪሙ ፖል ብሮካ «ስንት ልጆች አሉዎት?» አላቸው። «ሦስት» ብለው አራት ጣት አሳዩ። ልክ የነበረው ጣታቸው ነው። ቃሉ ጠፋ እንጂ ዕውቀቱ አልጠፋም።

በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ብሮካ ሌላ ሕሙም አይቶ ነበር። ሌቦርኝ ለ21 ዓመታት ሆስፒታል ሲኖር የሚናገረው «ታን፣ ታን» ብቻ ነበር። ሲናደድ ግን እርግማን ሳይሰበር ከአፉ ይወጣል።

ይህ እንዴት ይሆናል? የለንደኑ ሐኪም ሂውሊንግስ ጃክሰን መልስ አቀረበ፦ በልማድና በስሜት የሚወጣ ንግግር አንድ ነው፤ አስበን አዲስ የምናቀናብረው ደግሞ ሌላ። ሁለተኛው ሲጎዳ የመጀመሪያው ሊተርፍ ይችላል።

በ1965 ኦልድፊልድና ዊንግፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች ለሰዎች የዕቃ ሥዕል እያሳዩ ስሙን እስኪጠሩ ያለውን ጊዜ ለኩ። ብዙም የማንጠራው ስም ዘግይቶ ይመጣል። ስለዚህ ድግግሞሽ ለቃል መንገድ ይጠርጋል ማለት ነው።

ነገር ግን ድግግሞሽ ብቻውን አይበቃም። እንደ «ግን»፣ «ስለ»፣ «ውስጥ» ያሉት ትንንሽ ቃላት ከሁሉ በላይ የሚደጋገሙ ናቸው፤ ሆኖም በብሮካ ስም በሚጠራው የንግግር ችግር ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እነሱ ናቸው። «ቤት»፣ «ልጅ» የሚሉት ስሞች ይተርፋሉ። የቃሉ ዓይነትና በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለው ሥራም ይወስናል።

ይህን የማነሳው ወደ ቤታችን ለመመለስ ነው። በስትሮክ የተመቱ አባት እንግዳ ሲገባ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ውሃ ሲጠማቸው ግን «ውሃ» ማለት ያቅታቸዋል። ያኔ ቤተሰብ «ሲፈልግ ያወራል፤ እልኸኛ ሆኖ ነው» ይላል፤ ወይም «አእምሮው ሄዷል» ብሎ ስለ ርስታቸው እፊታቸው ይመካከራል።

ሁለቱም ፍርድ ስህተት ሊሆን ይችላል። ሰላምታው በልማድ መንገድ ወጣ፤ ልመናው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። አጭር ጥያቄ ጠይቁ፣ ዕቃውን አሳዩ፣ ጊዜ ስጡ። አፍ ሲሳሳት ደግሞ ጣቱን ተመልከቱ።