የመኪና ግርግሩ ክርን

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ሐረር ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወርደውን ጠባብ መንገድ ታውቁታላችሁ፤ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያወጣለት የልብስ ስፌት መኪናው ጩኸት ነው። እዚያ አንድ የማውቀው ሰፊ አለ። ስሙ ይቅር።

አምና ክረምት ቀኝ ክርኑ ያዘው። መጀመሪያ የከሰል ካውያውን ሲያነሣ ብቻ ነበር። ኋላ መቀስ ሲጨብጥ፣ በመጨረሻም የሻይ ብርጭቆ ሲያነሣ ከክርኑ የውጪ አጥንት ተነሥቶ እስከ አንጓው ይወጋው ጀመር። ጎረቤት «ብርድ ነው» አለ። ወጌሻ ቅቤ ቀብቶ አሸው፤ ሦስት ቀን ቀለለውና ተመለሰበት። ከዚያ ኮርቲዞን ተወጋና «ዳንኩ!» እያለ ጀጎልን ዞረ። ሁለት ወር ሳይሞላ ባሰበት።

ይሄ የሱ ዕድል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ሆላንድ ውስጥ 185 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት መርፌ ከተወጉት ከመቶ 92ቱ ተሽሏቸዋል። ዓመት ሲሞላ ግን 69 ብቻ ቀሩ፤ ዝም ብለው የጠበቁት 83 ደርሰው ቀደሟቸው!

ፈረንጆች ሕመሙን የቴኒስ ክርን ይሉታል። ራኬት ጨብጦ የማያውቅ ሰፊ፣ አናጢ፣ ልብስ አጣቢ ሁሉ ይታመመዋል። ሲቆይ ነገሩ ብግነት መሆኑ ይቀርና የጅማቱ ክር የተንሻፈፈና የሳሳ ይሆናል። ኮርቲዞን ደግሞ ብግነት ያበርዳል እንጂ የሳሳ ክር አይፈትልም።

እንግዲህ ውጭ አገር ያለ የእህቱ ልጅ በስልክ ቪዲዮ ላከለት፦ «ጋሼ፣ ስቴም ሴል ይወጉሃል፤ ጅማትህ እንደ አዲስ ይበቅላል።» ሰውዬው ወደኔ መጣ።

«አቦ፣ አንተ ታነባለህ። ባጃጄን ልሽጥ?»

ያነበብኩትን ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የሴኡል ሐኪሞች ሙከራ አለ። ከሌላ ሰው ስብ የወጣ ግንደ ሕዋስ፣ ያንኑ ስቴም ሴል የሚሉትን፣ ከደም ማርጊያ ሙጫ ጋር ቀላቅለው ለ12 ሕሙማን ክርን ወጉ፤ ለግማሹ አንድ ሚሊዮን፣ ለግማሹ አሥር ሚሊዮን ሕዋስ። በዓመቱ ሥራ ላይ የሚሰማቸው ሕመም ከመቶ 67 ገደማ ወደ 15 ወረደ።

ዓይኑ በራ። «ታዲያስ!»

«ቆይ» አልኩት። «ባዶ መርፌ የተወጋ ማነጻጸሪያ አልነበራቸውም። መድኃኒቱ ይሁን ጊዜው ያዳናቸው፣ በምን ይለያል?»

ዝም አለ። ሰፊ ሰው ነው፤ ሳይለካ የሚቀድ የለም።

እኔም የሰጠሁት ርካሽ ነገር ነው። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልቶ ይጨብጣል፤ ክንዱን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ፣ መዳፉን ወደ መሬት አዙሮ አንጓውን ከጠርዙ ያሳልፋል። በግራው እጅ እየረዳ ወደ ላይ ያነሣል፤ ማውረዱ ግን በቀኙ ብቻ፣ ቀስ ብሎ። አሥራ አምስት ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ይህን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አይቶ ቢያስጀምረው ይሻላል፤ እሱም እንደዚያው አደረገ።

ስድስት ወር አለፈው። ጨርሶ አልዳነም። ካውያውን የሚያነሣለት ተማሪው ልጅ ነው፤ ብርጭቆውን ግን ራሱ ያነሣል። ባጃጁ አልተሸጠም።