ብርሃንና ፎስፌት፦ ሁለት የጥናት መንገዶች የተገናኙበት ታሪክ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ አንድ ክስተት «ተገኘ» የምንለው ሲታይ ነው ወይስ ምክንያቱ ሲታወቅ? ለምሳሌ የመረጥሁት ተክሎች ከሚለዋወጥ ብርሃን ጋር የሚስማሙበት መንገድ የተጠናበትን ታሪክ ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በብርሃን አስተጻምሮ ሁለት ፎቶሲስተሞች ተከታትለው ይሠራሉ። ፎቶሲስተም ሁለት ከውኃ የወሰደው ኤሌክትሮን በፕላስቶኪኖን በኩል ወደ ፎቶሲስተም አንድ ይሻገራል። የሚስማማቸው ብርሃን ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ በቅጠሎች ጥላ ሥር የሚበዛው ጥልቅ ቀይ ብርሃን ለፎቶሲስተም አንድ ያደላል። ስለዚህ ብርሃኑ ሲለወጥ አንዱ ሲጠግብ ሌላው ይራባል።

በ1969 ኖሪዮ ሙራታ በቀይ ዋቅላሚ፣ ቦናቬንቱራና ማየርስ ደግሞ ክሎሬላ በተባለው አረንጓዴ ዋቅላሚ ላይ፣ በየፊናቸው አንድ ነገር አስተዋሉ። ብርሃኑ ሲቀየር የክሎሮፊሉ ፍካት በደቂቃዎች ውስጥ ይለወጣል፤ ጉልበቱ በሁለቱ ፎቶሲስተሞች መካከል እንደገና ይከፋፈላል። ክፍፍሉን የሚያዝዘው ምን እንደ ሆነ ግን አልታወቀም ነበር።

ሁለተኛው መንገድ የተጀመረው ከቅጠል ርቆ፣ በጡንቻ ጥናት ነው። በ1950ዎቹ ኤድመንድ ፊሸርና ኤድዊን ክሬብስ ፎስፌት በአንድ ፕሮቲን ላይ ሲለጠፍ ሥራውን እንደሚቀሰቅስ፣ ሲነሣም እንደሚያበርድ አሳዩ፤ በ1992 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚሁ ነው። በ1977 ጆን ቤኔት በሬድዮአክቲቭ ፎስፎረስ ታግዞ፣ በአተር ክሎሮፕላስት ውስጥ ብርሃን ሰብሳቢው ፕሮቲን ፎስፌት እንደሚለጠፍበት አረጋገጠ።

ሁለቱን መንገዶች በግልጽ ያገናኘው አለን፣ ቤኔት፣ ስታይንባክና አርንትዘን በ1981 ያሳተሙት ጥናት ነው። ፎቶሲስተም ሁለት ከልክ በላይ ሲሠራ ፕላስቶኪኖን በኤሌክትሮን ይሞላል፤ ይህም ፎስፌት ለጣፊውን ኤንዛይም ያነቃዋል፤ ከዚያም ጉልበቱ ወደ ፎቶሲስተም አንድ ያጋድላል። ሚዛኑ ሲዛባ የሚያርመውን ምልክት የሚሰጠው መዛባቱ ራሱ ነው ማለት ነው።

ለጣፊው ኤንዛይም ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ግን ብዙ መጠበቅ ግድ ሆነ። በ2003 የጄኔቫው የሮሼ ቡድን ከክላሚዶሞናስ ዋቅላሚ፣ በ2005 ደግሞ አራቢዶፕሲስ ከተባለው ተክል ለየው። ፎስፌቱን የሚያነሣው ኤንዛይም በ2010 በሁለት ቡድኖች ተገለጸ።

ከመጀመሪያው ምልከታ እስከዚያ 41 ዓመት ነው። ስለዚህ ግኝትን የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቀን ሥራ አድርጎ መተረክ ታሪኩን ያጎድለዋል ባይ ነኝ። የ1969ኙ ምልከታ ባይኖር የቤኔት ፎስፌት ትርጉሙን ባላገኘ ነበር፤ ፎስፌቱ ባይኖር ምልከታው ያለ ምክንያት በቀረ ነበር። ተማሪዎቻችን የጡንቻን ጥናት «የእኛ አይደለም» ብለው እንዳያልፉት የምመክረው ስለዚህ ነው፤ የቅጠል ጥያቄ መልሱ ከፊሉ እዚያ ነበረና።