ኮባ፣ ዱንጉዛ እና ሸክላ፦ የወላይታ የእንግዳ ገበታ እንደ ታሪክ ምንጭ



የታሪክ መምህር ስለ ገበታ አሰነዳድ ገለጻ ያደርጋል ሲባል ፈገግ ያላችሁ እንደምትኖሩ አልጠራጠርም። የወላይታ ታሪክ ሲነሣ ወዲያው የምንሄደው ወደ ካዎ ጦና እና በ1887 ዓ.ም. ወደ ተካሄደው የምኒልክ ዘመቻ ነው። እኔ ግን ዛሬ ከሳሎን ልጀምር።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሶዶ ከተማ ለጊፋታ በዓል፣ ወይም የሩቅ እንግዳ ሲመጣ፣ «የባህል ገበታ» ማሰናዳት ተለምዷል። በእኔም ቤት ይደረጋል። ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ መልክ ያለው ዱንጉዛ፣ ቀድሞ በክብር የሚለበሰው፣ አሁን በጠባቡ ተቆርጦ በጠረጴዛው ቁመት ይነጠፋል። በላዩ ከጓሮ የተቆረጠ ትኩስ ኮባ ይዘረጋል፤ ኮባው እንዳይሰነጠቅ አስቀድሞ በእሳት ወላፈን ላይ አለፍ አለፍ ይደረጋል፤ ያን ጊዜ ይለሰልሳል፣ ሽታውም ይወጣል። ሙቿና ባጭራ በሸክላ ወጭት ይቀርባሉ፤ ዳጣው በትንሽዋ ሸክላ ከጥሬ ሥጋው አጠገብ ይቀመጣል። መጨረሻ ላይ ሀይታ ቱኬ፣ ማለትም ከቡና ቅጠል የሚፈላው መጠጥ፣ ይቀዳል። ከዚህ ሁሉ በስተ ጀርባ የዓመት ቁጠባ አለ፤ ወንዶቹ ለበሬው፣ ሴቶቹ ለቅቤው ከወራት በፊት ጀምረው በማኅበር ያጠራቅማሉ። ገበታው ያማረ ነው፤ እንግዶችም ከመቅመሳቸው በፊት ፎቶግራፍ ያነሡታል።

ለታሪክ አጥኚ ግን ይህ ጠረጴዛ ሰነድ ነው። ኮባው ከቤት ጓሮ፣ በቤተሰቡ እጅ ከለማው እንሰት የተገኘ ነው። ዱንጉዛው የሸማኔ እጅ ሥራ ነው፤ የልብሱ ክብር ለሸማኔው ምን ያህል እንደ ደረሰ ራሱን የቻለ ገለጻ ይሻል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሸክላው ነው።

ሸክላ የሚሠሩት ቺናሻ የሚባሉ ወገኖች ናቸው፤ በተለይም ሴቶቻቸው። ወጥ የሚሠራበት፣ ውኃ የሚቀዳበት፣ ቡና የሚፈላበት ዕቃ ሁሉ ከእነርሱ እጅ ይወጣ ነበር። ሆኖም ከሌላው ሕዝብ ጋር አይጋቡም፣ በአንድ ማዕድም አይቀርቡም ነበር። ይህ የወላይታ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ዴና ፍሪማን እና አሉላ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት መጽሐፍ በደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ ማኅበረሰቦች ዘንድ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎችና ቀጥቃጮች እንዴት እንደ ተገለሉ በሰፊው ያሳያል። ዕቃው እልፍኝ ይገባል፤ ሠሪዋ ደጅ ትቀራለች።

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ለእነዚህ ወገኖችም መሬት የማግኘት በር ከፈተ። ታላቅ ለውጥ ነበር። ማዕዱን ግን አዋጅ አይነካውም። አዋጁ ከወጣ ከዓመታት በኋላ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ አንዲት ሸክላ ሻጭ እናት በገበያ ቀን ወደ ቤታችን ትመጣ ነበር። ማንም አይሰድባትም፤ ምግብም አይከለከልባትም። ምግቧ ግን ከደጃፍ፣ በኮባ ቁራጭ ላይ ይሰጣታል። በልታ ስትጨርስ ኮባው ይጣላል። ወጭቱ፣ እርሷ ራሷ የሠራችው ወጭት፣ ውስጥ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ ነገሩ ንጽሕና ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ያንኑ ቅጠል ለእንግዳ ክብር ብለን እንዘረጋዋለን። ኮባ ለበዓል ሥጋ መዘርጊያነቱ ጥንትም ነበረ፤ ስለዚህ የክብሩ ታሪክ ሐሰት ነው አልልም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ብቻ ለእንግዳ መተረካችን ግን ምርጫ ነው።

ባለፈው ጊፋታ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣች ባልደረባችን በቤቴ ገበታ ላይ ወጭቱን አንሥታ፣ «ይህን ማን ሠራው?» ስትል ጠየቀችኝ። ስለ ዱንጉዛው ሩብ ሰዓት ያህል አስረድቻት ነበር። ለዚህ ግን «ከገበያ ገዛነው» ብቻ አልኋት። ባለቤቴ ከዚያች ሻጭ ስትገዛ ዓመታት አልፈዋል፤ ስሟንም ታውቃለች። እኔ አላውቅም ነበር። እንግዳዬ ከሄደች በኋላ ጠይቄ አወቅሁ፤ በቤታችን ማዕድ ግን እስከ ዛሬ አልተቀመጠችም።

ገለጻዬን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።